ያስረጀኝ መታወቂያ

ቂርያት ጋት፣ ኖቬምበር 2015

ውድ ወንድሜ አግደው፣

ካርሜ ጋት ሰፈር ልጅህ ቤት ከገባህ ወዲህ ሁለቴ ደወልህልኝ፤ ሁለቴም «ደህና ነኝ» ብዬ ዘጋሁ። ደህና አይደለሁም። ቀንቼብሃለሁ። በሰባ አራት ዓመቴ በሰው ልብ መቅናት ያሳፍራል፣ ግን እውነቱ ይኸው ነው።

አብረን ታመምን። የሁለታችንም የልብ ደም ሥር ተደፈነ፣ ሁለታችንም ለቀዶ ጥገና አትሆኑም ተባልን። ከዚያ ሐኪሙ ስለ አዲሱ ሙከራ ነገረን፤ ልብ ላይ በየጊዜው መድኃኒት ይወጋሉ፣ በተደፈነው ዙሪያ ቀጫጭን አዲስ ደም ሥር ይበቅላል። ስሰማ የዳንኩ መሰለኝ። ለካ ከሰባ አምስት ዓመት በላይ አይቀበሉም፤ የእኔ መታወቂያ ደግሞ ሰማንያ አራት ይላል!

ጥፋቱ የራሴ ነው። በ1991 ከአዲስ አበባ እስራኤል እንደመጣን መታወቂያ የምታወጣው ጸሐፊ ዕድሜያችንን ስትጠይቀን፣ ሽማግሌ ተብሎ መከበር አማረኝና አሥር ዓመት ጨመርኩ። አንተ ሥራ እንዳታጣ ብለህ አሥር ቀነስህ። አንተ ፋብሪካ ስትለፋ እኔ ጡረታ ወጥቼ እስቅብህ ነበር።

ይኸው ሰባ ሰባት የሞላህ ታላቄ፣ በወረቀት ስድሳ ሰባት ሆነህ ሙከራው ውስጥ ገባህ። ከስድስት ወር በኋላ ከገበያ ዘንቢል ተሸክመህ ሳታርፍ ስትመጣ አየሁህ። «እግዚአብሔር ይመስገን» አልኩ። በሆዴ ግን «ምናለ ለእኔ በሆነ» ነበር ያልኩት።

በዚህ ብቻ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ባለፈው ወር ለምርመራ ስሸኝህ፣ አንተ ውስጥ ሳለህ፣ ወንድማማች መሆናችንን የማታውቀው ነርሷ ሞራን አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባባ አቻምየለህ፣ ከአግደው ጋር ከልጅነት ነው የምትተዋወቁት?»

«አዎ» አልኩ። ወዲያው ክፉ ሐሳብ መጣብኝ። እውነተኛ ዕድሜህን ካወቁ ከሙከራው ያስወጡሃል፣ የቀረውንም መርፌ ይከለክሉሃል።

«እሱ እኮ ታላቄ ነው» አልኳት። ዐውቄ ነው የተናገርኩት።

በወረቀት አሥራ ሰባት ዓመት እበልጥሃለሁና ሳቀች። «ቤሴደር፣ እሺ አባባ! የእናንተ አክብሮት መቼም አያልቅም፤ ሁሉም ሰው ታላቃችሁ ነው» ብላ መዝገቧን ይዛ ሄደች።

ያዳነህ የእሷ ደግ ግምት ነው እንጂ እኔ አይደለሁም። ስትወጣ ምንም ሳታውቅ ክንዴን ደግፈህ አውቶቡስ ላይ አወጣኸኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ድምፅህን መስማት አቃተኝ።

ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እሱ ነው መሄድ ያለበት። ግን ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ሦስቱን ፎቅ ወርጄ መመለስ አልቻልኩም። አንተ መውጣት ትችላለህ። ልትሰድበኝም ቢሆን ና።

ታናሽ ወንድምህ፣
አቻምየለህ