ወንድሜ ያልተወጋው መርፌ

ለተከበሩ ዶክተር ሲምፓሳ
የአጥንት ቀዶ ሕክምና ክፍል ኃላፊ
ንዶላ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል? አጥንትዎን ከስብራት፣ ደምዎንም ከመርጋት ይጠብቅልዎ እያልኩ፣ እኔ የሟቹ የአውቶቡስ ሹፌር የቺሳንጋ ታናሽ ወንድም ምስጋናዬን በዚህ ጋዜጣ በአደባባይ ላቀርብ ወደድኩ።

አንደኛ፣ የተሰበረ ዳሌውን አሳምረው ስለጠገኑልን እግዜር ይስጥልኝ። ስፌቱ ሳይፈታ አብሮት ተቀብሯል።

ሁለተኛ፣ ነርሷ በየቀኑ ሆዱ ላይ የምትወጋው መርፌ ምን እንደሆነ ብጠይቃት «ደም ማቅጠኛ ነው፣ ጋሼ» ብላ አለፈች፤ ከዚህ ያጠረ ማብራሪያ ከየትም አላገኝም ነበር። በማግስቱ የቁስሉ ፋሻ በደም ርሶ ባየሁ ጊዜ እጇን ያዝኩና «እየደማ ደሙን ታቀጥኑታላችሁ? በቃ፣ እንዳትወጊው!» አልኩ። ቺሳንጋም ፊቴን አይቶ «የተማርከው አንተ ነህ፤ አንተ ካልክ ይቅር» አለ። እርስዎ በዚያ ሲያልፉ ነርሷ ብትነግርዎ፣ ቆም እንኳ ሳይሉ «ካልፈለጉ ተያቸው» ብለው ፈቃዳችንን ስላከበሩልን ውለታዎ አይረሳም።

ሦስተኛው የእርስዎ ጥፋት አይደለም። ባቱ አብጦ «ወጠረኝ» ሲለኝ፣ ለነርስም ለሐኪምም ሳልናገር በዘይት አሸሁለት። «እጅህ መድኃኒት ነው» ብሎ መረቀኝ። ጠዋት ሊታጠብ ደግፌ ባነሳው «ካሶ፣ አየር...» አለኝና ክንዴ ላይ ቀረ።

ከዚያ በኋላ የሰጡኝ ማብራሪያ ግን እንዴት የጠራ ነበር! ተኝቶ የሚውል ሰው እግሩ ውስጥ ደም እንደሚረጋ፣ የረጋው ተነቅሎ ሳንባ እንደሚዘጋ፣ መርፌው ይህን አደጋ እንደሚቀንስ፣ ቁስል ሊያደማ መቻሉም እውነት እንደሆነ፣ ሁለቱን መዝኖ መወሰን ደግሞ የሐኪም ሥራ እንደነበር፣ ወንበር ስበው ተቀምጠው ነገሩኝ። አስከሬኑን ሳንወስድ ስለደረሱልን ምን ብዬ ላመስግንዎ?

ቢወጋ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ ብዬ ስጠይቅዎም «እርግጠኛ መሆን አይቻልም» አሉኝ። ከነገሩኝ ሁሉ ልሸከመው ያቃተኝ ይኸኛው ነው።

ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ የነርሷን እጅ ይዤ ያስቆምኩት የተማርኩት ወንድም፣
መምህር ካሶንዴ ንጋንድዌ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የቺሳንጋ ባለቤት ይህ ጋዜጣ አያመልጣትም። መርፌውን ያስቀረሁት እኔ መሆኔን እስካሁን አልነገርኳትም፤ የምትሰማው ከዚህ ነው። ስለዚህ ሰውን በጊዜው ፊቱን እያዩ መንገር የሚከብድዎ እርስዎ ብቻ እንዳልሆኑ አውቀው ይጽናኑ።