አባባን የሚፈልግ ውሻ

ማክሰኞ

ውሻ ደግሞ ምን ይማራል? እስካሁን ይህን ያልጠየቀኝ የሰፈር ሰው የለም። የእንስሳት ሳይንስ ተምሬ፣ ተመርቄ፣ አሰላ ተመልሼ፣ ገመድ ይዤ በባቄላ ማሳ ዳር ከውሻ ኋላ ስሮጥ ያዩኛል። ይጠይቁ። ውሻቸውን ዕድሜ ልኩን አስረው «ክፉ ሆነብን» የሚሉ ሰዎች ናቸው እኮ።

ነገሩ ይህ ነው። አባባ፣ የእማዬ አባት፣ መርሳት ጀምረዋል። በሩን ክፍት ካገኙ ይወጣሉ። ድሮ የመንግሥት እርሻ ኮምባይነር ነጂ ነበሩ፤ «ማሽኑ ሜዳ ላይ አደረ» ብለው ይሄዳሉ። ባለፈው ዝናብ ደብድቧቸው ወደ ጭላሎ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው የተገኙት። አሁን የእማዬ ወንድም ጋሼ ደረጀ ቅዳሜ ከሮቤ መጥቶ ሊወስዳቸው ነው። እቤቱ አንድ ክፍል አዘጋጅቷል፤ መቆለፊያው በውጭ በኩል ነው። በውጭ!

እኔ ደግሞ፣ የትም ቢሄዱ ውሻችን ይታያል ሽታቸውን ተከትሎ ያገኛቸዋል ብያለሁ። እማዬ «እስቲ ቅዳሜ ለወንድሜ አሳዪው» አለች።

(ስሙን ያወጣችለት እማዬ ናት፣ ከጎረቤት ጋር በአጥር በተጣላች ሰሞን። ጎረቤትየው ቤቱን ሸጦ ሄደ፣ ስሙ ቀረ።)

ረቡዕ

ሥራው ቀላል ነው። አባባ ይደበቃሉ፤ ጋቢያቸውን ውሻው እንዲያሸት አቀርብለታለሁ፤ «ፈልግ!» እለዋለሁ፤ ሲያገኛቸው ሥጋ ይበላል። ቀላል ነው፣ ረቡዕ ባይሆን። «በጾም ቀን ሥጋ በቤቴ አይዞርም፤ ለውሻም ቢሆን!» አለች እማዬ። በስልክ የማያቸው ፈረንጅ አሠልጣኞች ይህ አይገጥማቸውም። የባቄላ ቆሎ ሰጠሁት። ተፋው፤ ቀና ብሎ አየኝና ሄዶ ተኛ። ንቀቱ ከሰው አይተናነስም።

ከሰዓት ዳቦ በዘይት ነክሬ ሞከርኩ። ሠራ! አባባ ከባሕር ዛፉ ኋላ ነበሩ። አፍንጫውን መሬት አስነክቶ ሄደ፣ ጠፋበት፣ ዞረ፣ አገኛቸው። «አንተ ሌባ!» አሉት እየሳቁ። አባባ መደበቅ ይወዳሉ። ከሁላችንም ይህን ሥራ የማይንቁት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ዓርብ

ልምምድ የለም። እማዬ ወንድሟ ሊመጣ ነው ብላ ቤቱን ገለበጠችው። መጋረጃ ታጠበ፣ አንሶላ ታጠበ፣ ምንጣፍ ተራገፈ። ጫማውን እንኳ በቅጡ ሳይጠርግ ለሚገባ ሰው! ይታያልን ራሱን ከሳፋው ያስጣልኩት በልመና ነው።

ለነገ፦ ገመድ አለ። ሥጋ ጠዋት ከልኳንዳ። አባባ እንደሚደበቁ ነግሬያቸዋለሁ። ረስተዋል። ደግሜ እነግራቸዋለሁ።

ቅዳሜ

ውርደት።

ጋሼ ደረጀ ገና ከበር፣ «እህሳ፣ የውሻ ቲቸር! ደመወዝሽን የሚከፍልሽ ይታያል ነው?» አለ። ፊት ለፊት አንቱ እለዋለሁ፤ እዚህ ግን አንቱታ የለም። ስለ ውሻ ምክር አለው፦ ሚጥሚጣ አብልቶ ጨለማ ውስጥ ማሰር። ለአባቱ ያሰበውም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ የቀረው ሚጥሚጣው ነው።

አባባ ማሳው ዳር ተደበቁ። ጋቢውን ለውሻው አቀረብኩ። ይታያል አፍንጫውን ወደ ላይ ቀሰረ፣ በአጥሩ ቀዳዳ ሾለከና ጎረቤታችን እትዬ ዘይነባ ጓሮ ገባ። እትዬ የወተት ቅላቸውን በወይራ እያጠኑ ነበር። አፍንጫውን ቅሉ ውስጥ ከተተው።

«ያ ረቢ! ቅሌን! አንቺ ልጅ፣ ውሻ የላሰውን ሰባቴ ልጠበው ወይስ ከነውሻሽ ልወርውረው?»

ቅሉን ወረወሩት። እውነታቸውን ነው። ጋሼ ደረጀ አጥሩን ተደግፎ እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «አባቴን ቅል ውስጥ አገኘው!»

ጋቢውን እኔ ራሴ ያሸተትኩት ዘግይቼ ነው። ሳሙናና ወይራ። እማዬ ትናንት አጥባ አጥናዋለች፤ የአባባ ሽታ የሚባል ነገር አልቀረበትም። ውሻው ያሸተተውን በትክክል አገኘ። ዲግሪ ያላት ግን ጋቢ ለማሽተት አላሰበችም። «ወንድሜ ፊት ንጹሕ ይሁን ብዬ ነው እንጂ…» አለች እማዬ፣ እንባዋ ቀርቦ። ጋሼ አልሰማም። ነገ ከሰዓት ይዟቸው ይሄዳል።

እሑድ

እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። እኔ ለእትዬ ዘይነባ ሌላ ቅል ልፈልግ ወጣሁ። አባባን የሚጠብቀው ጋሼ ደረጀ ነው። ስመለስ በሩ ወለል ብሏል፣ ጋሼ ስልኩ ላይ ስለ ስንዴ ይጮኻል፣ አባባ የሉም።

«አሁን እዚህ ነበሩ!» አለ። አሁን! ሻያቸው በረዶ ሆኗል። በባጃጅ ወደ መናኸሪያ በረረ። እኔ አልጋቸው ሥር ገባሁ። እማዬ ሳታየው የቀረ አንድ ካልሲ! እንዴት ይገማል። ተመስገን።

ይታያል አሸተተ። በሩን ወጣ፣ ቦዩን ዘለለ፣ አስፋልቱ ላይ ሲደርስ ጠፋበት። ናፍታ፣ አቧራ፣ የጋሪ ፈረስ። ዞረ። ደግሞ ዞረ። ገመዱን እንዳልጎትትበት ከንፈሬን ነከስኩ። ዝናቡ እየመጣ ነው። ከዚያ አንገቱ ደነደነና ጎተተኝ። ጎሚስታው ጋ አንድ ኮምባይነር ቆሟል። ከማሽኑ ኋላ፣ ከመንገድ በማይታይበት በኩል፣ አባባ መሬት ላይ ተቀምጠዋል።

«ጎማው አየር አንሶታል» አሉኝ። «እንዲህ ሆኖ ማሳ አይገባም።»

ጎሚስታው ደነገጠ። «አንድ ሰውዬ በባጃጅ መጥቶ ሽማግሌ አይታችኋል ወይ ብሎኝ ነበር። የለም አልኩት፣ ሄደ።» ሥጋው ኪሴ ውስጥ እንዳለ ረሳሁት። ይታያል ራሱ አወጣው።

ጋሼ ደረጀ ምን አለ? «አጋጣሚ ነው።» ግን አልወሰዳቸውም። «እስከ ቅዳሜ እናያለን» ብሎ ሚኒባስ ተሳፈረ። እማዬ ለይታያል አንድ አጥንት ከወጡ አወጣችለት።

አጋጣሚ! ይህን ጽፌ፣ ፈራ ተባ እያልኩ፣ ላኩለት፦

«ጋሼ፣ በሰላም ገቡ? ቅዳሜ ሲመጡ እርስዎ ራስዎ ባቄላው ማሳ ውስጥ ይደበቁልን። የለበሱትን ሸሚዝ ሳይታጠብ ያምጡልኝ። ይታያል ካጣዎት አባባን እኔው ሮቤ አደርሳቸዋለሁ። ካገኘዎት ግን አባባ እዚሁ ይቀራሉ። ይደበቃሉ? እባክዎ ይመልሱልኝ።»