ከበረንዳው ጣሪያ የወረደው ዳቦ

ለምወድህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? የሞስኮ ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ደኅና ነን። እማዬ ጉልበቷን ያማታል እንጂ ምላሷ ፍጹም ጤነኛ ነው፤ ጠዋት ማታ ስምህን ታነሣለች።

እንዳልከን የበረንዳውን ጣሪያ አፍርሰን እያደስን ነው። አናጺው ሮዚቅ፣ አበባ የተሣለባቸውን አሮጌ ጣውላዎች ለዳቦ ምድጃ ሊማግዳቸው ሲል ለምኜ አስጣልኩት። ምስጥ ያልበላውን እየቆረጥኩ ለአክስቶቻችን ማስታወሻ የሚሆን ትንንሽ ሣጥንና የመስታወት ፍሬም እሠራለሁ። ጥላሸቱን በእርጥብ ጨርቅ ሳሸው ቀዩ ቀለም ከሥር ብቅ ሲል ደስታዬን አትጠይቀኝ። እማዬ ግን፣ የሰው ልጅ ለሠርጓ ልብስ ታሰፋለች፣ የእኔዋ ፍርስራሽ ታሽሞነሙናለች እያለች ለጎረቤት ታማኛለች።

ባለፈው ማክሰኞ ታዲያ አንዱን ጣውላ ስንነቅል በጨርቅ የተጠቀለለ ዳቦ ዱብ አለ። ደርቆ ድንጋይ ሆኗል፤ ጠርዙ ተነክሷል። አንተ ስትሄድ እንደ መንገደኛ ወጋችን የነከስከው ዳቦ መጥተህ እስክትጨርሰው ሳሎን ግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ ነው። ይሄስ የማን ነው? ከዚህ ቤት ከአንተ በቀር ማን መንገድ ወጣ? ሮዚቅን ብጠይቀው፣ እናትሽ እያለች እኔን ምን አስጠየቀሽ ብሎ ወደ መሰላሉ ዞረ።

እማዬ ደግሞ አይጥ ነው የነከሰው አለችኝ። ወንድሜ፣ እንዲህ ያለ አፍ ያለው አይጥ ቡኻራ ውስጥ የለም። ወደ ብርሃን አውጥቼ አየሁት፤ ንክሻው ላይ የፊት ጥርሶቹ መሀል ክፍተት አለ፣ ልክ እንዳንተ።

አባታችን እኔ ጨቅላ ሳለሁ ሞተ ተብለን ነው ያደግነው። መቃብሩን ግን አንድ ቀን እንኳ አሳይታን አታውቅም። አንተ ትልቅ ነበርክ፤ ትዝ የሚልህ ነገር ካለ እባክህ ጻፍልኝ። ማወቅ እፈልጋለሁ። ተናድጃለሁም፣ አልደብቅህም፤ ለስንት ዓመት በየበዓሉ አላህ ነፍሱን ይማረው ስል ኖሬአለሁ።

ትናንት ከሰዓት ከዚያው ጣውላ ለዳቦው ሣጥን ሠራሁለት፤ አበባዋ ክዳኑ ላይ እንድትውል አድርጌ። ነፍሳት እንዳይገቡበት ክዳኑን በሚስማር ልመታው ስል እማዬ መጥታ እጄን ያዘችኝ።

«ተይ ልጄ፣ አትምቺው» አለችኝ ቀስ ብላ። «የመጣ ዕለት በምን ሊከፍተው ነው?»

አላህ ከክፉ ይሰውርህ፣ እጅህን ከብርድ ይጠብቅልኝ። በሰላም ለአገርህ አብቅቶ የጀመርከውን ዳቦ ያስጨርስህ።

ናፋቂህ፣
ታናሽ እህትህ