በጣልያን ትእዛዝ የተቀመጡት ዳኛ፦ የተከበሩ አቶ ክንዱ ወልደ ገብርኤል ከ1892 እስከ 1965 ዓ.ም.

የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባል የነበሩት የተከበሩ አቶ ክንዱ ወልደ ገብርኤል፣ ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ገብርኤል ቸኮልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወለተ ሐና ተስፋው፣ ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ዳር በምትገኘው በጉንድል ኪዳነ ምሕረት በጥቅምት ወር 1892 ዓ.ም. ተወለዱ። ቀኑን እናታቸው «የጽጌ ሦስተኛው እሑድ ነው» ሲሉ፣ አባታቸው ደግሞ «ላሟ የጠፋችበት ማክሰኞ ነው» ይሉ ነበር። ነገሩ ሳይፈረድ ሁለቱም ዐርፈዋል።

ዕድሜያቸው ሲደርስ ከደብሩ መሪጌታ ዘንድ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደገሙ። ቅኔ እንዲማሩ ወደ ግሽ ዓባይ ተልከው ሳለ በሁለተኛው ዓመት ከመምህራቸው ጋር ክርክር ገጥመው ተመለሱ። በክርክሩ ማን እንደረታ አይታወቅም፤ የተመለሱት ግን አቶ ክንዱ ናቸው። ከዚያ ወዲያ ትምህርታቸው የቡሬ ችሎት ሆነ። በገበያ ቀን ጨው ሊገዙ ተልከው፣ ሙግት ሲሰሙ ይመሽባቸውና ጨው ሳይዙ ፍርድ ይዘው ይገቡ ነበር። በሃያ አምስት ዓመታቸው የአገሩ ሰው ድንበር ሲጣላ፣ ከብት ሲጠፋ፣ «ክንዱን ጥሩ» ማለት ጀመረ።

በ1917 ዓ.ም. ከወይዘሮ ባንቺአየሁ ዓለሙ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋብተው አምስት ልጆች ወልደዋል። ሁለቱ በልጅነታቸው ዐርፈዋል።

ጣልያን ቡሬ ላይ ምሽግ ሠርቶ ከተቀመጠ በኋላ፣ በ1930 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ መሣሪያህን አምጣ ሲባል አላመጣም ብሎ ተነሣ። አቶ ክንዱ በዚያ ዘመን የሠሩትን ቤተሰቡ በግልጽ ይጽፋል። ከቡሬ ወደ ፍኖተ ሰላም የተዘረጋውን የጣልያን የስልክ ሽቦ ሦስት ጊዜ በመጥረቢያ የቆረጡት እርሳቸው ናቸው። ሦስተኛው የተቆረጠው በኅዳር ወር 1931 ዓ.ም. ነው።

የምሽጉ አዛዥ የነበረው ካፒታኖ፣ በዚህ አገር ጥፋተኛ የማያመልጥበት ሥርዓት እንዳለ ሲነገረው ደስ አለው። ሥርዓቱ አውጫጭኝ ነው። አገሩን ጥለው ለወጡ ልጆች ምን እንደሆነ መጻፍ ያስፈልጋል፤ የደብሩ ወንድ ሁሉ በአንድ ሜዳ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። ሁሉም ከማለ በኋላ በምሥጢር የተመረጡ ሦስት ሰዎች ያዩትንና የሰሙትን ለዳኛው ብቻ በጆሮው ይነግሩታል። እነዚህ ወፍ ይባላሉ። ዳኛው የወፏን ቃል ሳይጨምር ሳይቀንስ ለጉባኤው ይናገራል። ወፏ ማን እንደሆነች ግን እስከ መቃብር አይናገርም፤ በዚህም ይምላል።

ካፒታኖው «ይህን ሥርዓት አጥብቆ የሚያውቅ ማን ነው?» ብሎ ቢያስጠይቅ ሰው ሁሉ በአንድ ቃል ክንዱ ወልደ ገብርኤል አለው። በዚህ ዓይነት ሽቦ ቆራጩ፣ ሽቦ ቆራጩን እንዲያወጡ ተሾሙ።

ወዳጆቻቸው ዱር እንዲገቡ መከሯቸው። ነገር ግን በምሽጉ አስተርጓሚ ሆነው ይሠሩ የነበሩት የቡሬው ነጋዴ አቶ ሙሄዲን፣ «አያ ክንዱ፣ ጋዙ መጥቷል» አሏቸው። ከደብረ ማርቆስ ዘጠኝ በርሜል ጋዝ ገብቶ ነበር። ጥፋተኛው ተገኘም አልተገኘም፣ አውጫጭኙ ባለቀ ማግሥት ጉንድል ከነእህሏ እንድትቃጠል ታዝዟል። ጤፉ ደግሞ ገና አልታጨደም።

አቶ ክንዱ «ስንት ቀን ይበቃል?» ብለው የጠየቁት ሚስታቸውን ነው። ወይዘሮ ባንቺአየሁም አስበው፣ «ጤፉን አጭዶ ለመውቃት፣ ከብቱን የፈጠምን ወንዝ ለማሻገር፣ ወንዶቹ ካልገቡበት ሃያ ቀን» አሉ።

ስለዚህ ሹመቱን ተቀበሉ። ያስገደዳቸው አልነበረም። ይህ ሠላሳ አራት ዓመት ያከራከረ ነገር ስለሆነ ደግመን እንጽፈዋለን፤ ያስገደዳቸው አልነበረም።

ኅዳር 9 ቀን ሁለት መቶ አሥራ አራት ወንዶች በኪዳነ ምሕረት ሜዳ ተቀመጡ። የምሽጉ ወታደር ሁሉ ሜዳውን ከበበ። ሴት በአውጫጭኝ አትቀመጥምና የጉንድልን ሴቶች የሚጠብቃቸው አልነበረም።

አቶ ክንዱ ሥርዓቱን አጥብቀው ያዙ። አንድ ሰው በቅሎ ሊገዛ መራዊ ሄዷል፣ አንድ ወንድ ከጎደለ መሐላው አይያዝም ብለው አራት ቀን አስጠበቁ። በኅዳር ሚካኤል መሐላ የለም። በወሩ ኪዳነ ምሕረት የለም። በኅዳር ጽዮን የለም። በሰንበት የለም። ካፒታኖው «ስንት በዓል ነው ያላችሁ?» ብሎ ቢጮኽ አቶ ሙሄዲን «የእነርሱን አልቆጠርኩትም ጌታዬ፤ የእኛ ግን አርብ ነው» አሉት። ከሜዳው ስድስት እስላም ነጋዴዎች ስለነበሩ አርብም ቀረ። መሐላው ሲጀመር፣ በመሐላ መካከል ያሳለ ሰው ከ«በስመ አብ» ጀምሮ እንዲደግም ተደረገ። ኅዳር ብርድ ነው፤ ሰው ያስላል።

ወንዶቹ ምንም አልተነገራቸውም። አቶ ክንዱ ኋላ ሲጠየቁ፣ ሁለት መቶ ወንድ የሚያውቀው ምሥጢር ገበያ ነው ብለዋል። ስለዚህ በሜዳው የተሰደቡት ስድብ በዘመናቸው ከተሰደቡት ሁሉ የበለጠ ነው። «ጤፋችን ረገፈ!» ተባሉ። «ክንዱ፣ ጣልያን ለምሳህ መኮሮኒ ነው የሚሰጥህ?» ያላቸውም ነበር። መልሳቸው ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ተቀመጥ፤ ሥርዓት ነው።» ዘወትር ስንቅ የሚያመጡት ሴቶች እጃቸው በማጭድ ተልጦ ነበር። ሁለት መቶ አሥራ አራት ወንድ ከዚያ እጅ እየተቀበለ በልቷል። እጁን ያየ አንድም አልነበረም።

በአሥራ ዘጠነኛው ቀን ካፒታኖው ትዕግሥቱ አለቀ። አሥራ ሁለት ሰዎች ለይቶ አቆመና፣ እስከ ማታ ጥፋተኛው ካልተነገረ እነዚህ ይረሸናሉ አለ። ያን ዕለት ወይዘሮ ባንቺአየሁ ምሳ አድርሰው ሲመለሱ ለአቶ ክንዱ፣ «ጨርሰናል፤ ከብቱም ከማዶ ነው» አሏቸው። ከአንድ ቀን በፊት መሆኑ ነው።

አቶ ክንዱ ወፎቹን በየተራ ሰሙ። ከዚያም ቆመው፣ «የመጀመሪያይቱ ወፍ ክንዱ ወልደ ገብርኤል ብላለች። ሁለተኛይቱ ክንዱ ወልደ ገብርኤል ብላለች። ሦስተኛይቱም እንደዚሁ። ጉባኤው ተፈቷል» አሉ።

አቶ ሙሄዲን ጠጋ ብለው፣ «አያ ክንዱ፣ ይህን ልተርጉመው ወይስ ልሳሳት?» አሏቸው።

«ተርጉመው። ዛሬ አትሳሳት።»

ካፒታኖው ሦስት ጊዜ አስተረጎመ። በአራተኛው አስተርጓሚውን በጥፊ መታ። አሥራ ሁለቱ ሰዎች ተለቀቁ። በማግሥቱ ጋዙ ታድሎ ሠላሳ አንድ ቤቶች ነደዱ። በአንዳቸውም ውስጥ አንድ ቁና እህል አልነበረም። ወንዶቹ ሚስቶቻቸውን ሲፈልጉ ሰንብተው ከፈጠም ማዶ፣ ሽንዲ አጠገብ፣ ከእህሉና ከከብቱ ጋር አገኟቸው። ያን ጊዜ ምስጋና ይጠበቅ ነበር። የተገኘው ግን ኩርፊያ ነው። አሥራ ዘጠኝ ቀን ተቀምጦ ቆይቶ ሚስቱ አገር አሻግራ የጠበቀችው ወንድ፣ ያስቀመጠውን ሰው በቀላሉ አይወድም። በዚያ ክረምት ከጉንድል በረኀብ የሞተ አልነበረም።

ካፒታኖው አቶ ክንዱን አልገደላቸውም። ዳኛ ብሎ የሾመውን ሰው ሽፍታ ብሎ ቢገድል ለአለቆቹ የሚጽፈው ደብዳቤ አስቸገረው። ስለዚህ ስማቸውን ሳያስመዘግብ ወደ ደብረ ማርቆስ ላካቸው፤ በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ከተማውን ለቆ እስኪሄድ ድረስ በእግር ብረት ቆዩ። ግራ እግራቸው እስከ መጨረሻው ያነክስ ነበር።

በ1934 ዓ.ም. አርበኛውን ከባንዳ የሚለዩ ሰዎች ቡሬ መጥተው ጠሯቸው። የዚያን ቀን ቃል ወረቀቱ ስላለ እንዳለ እንገለብጠዋለን። «በጣልያን ዘመን በዳኝነት ተቀምጠሃል?» «ተቀምጫለሁ።» «ማን ሾመህ?» «ጣልያን።» «ተገድደህ ነው?» «ወድጄ ነው።» «ሽቦውን ለመቁረጥህ ምስክር አለህ?» «ሦስት አሉኝ።» «ጥራቸው።» «አልጠራም፤ ወፍ ናቸው።» መሥሪያ ቤቱ ወፍ የሚመዘገብበት ቦታ ስላልነበረው መዝገቡ ተዘጋ። መታሰርዎን ቢያነሡ ይሻላል ሲሏቸው፣ ጣልያን የራሱን ሰዎችም ያስር እንደነበር ራሳቸው አስታወሱ። በዚህ ምክንያት የአርበኝነት ወረቀት ሳያገኙ ቀሩ፤ ባንዳ የሚለውን ስም ግን ያለ ወረቀት አገኙ።

በ1949 ዓ.ም. ሕዝቡ እንደራሴውን እንዲመርጥ ሲፈቀድ ተወዳደሩ። ተቃዋሚያቸው ፊታውራሪ ሃይለ ሚካኤል ባየ፣ ከአሥራ ሁለቱ ሰዎች አንዱ የነበሩት ናቸው። በቡሬ ገበያ ቆመው «የጣልያንን ዳኛ አዲስ አበባ ልትልኩ ነው?» ሲሉ፣ ቅቤ የሚሸጡ ወይዘሮ ማሚቱ የተባሉ የጉንድል ሴት፣ «እርስዎ ገና ከሜዳው አልተነሡም እንዴ ፊታውራሪ? እኛስ ጨርሰን ገባን» ብለው መለሱ። በምርጫው ዕለት የጉንድል፣ የቡሬና የሽንዲ ሴቶች ከንጋት ጀምሮ ተሰለፉ። አቶ ክንዱ አሸነፉ።

በምክር ቤት ስምንት ዓመት አገለገሉ። በአንድ ሰው ጥፋት መንደሩ በሙሉ ይቀጣ የሚል ረቂቅ ሲቀርብ፣ «ይህን ሕግ አውቀዋለሁ፤ ከነጋዙ ነው የማውቀው» ብለው ተነሡ። ተቀመጡ ቢባሉ፣ «ክቡር አፈ ጉባኤ፣ አንድ ጊዜ ብቀመጥ እስከ ዛሬ ይወራብኛል፤ ቆሜ ልናገር» አሉ። እስከ ስብሰባው መጨረሻ ቆሙ። ረቂቁ ወደ ኮሚቴ ተመርቶ ከዚያ አልተመለሰም። በፈጠም ላይ ድልድይ እንዲሠራ አሥራ አንድ ጊዜ ጠይቀው አሥራ አንድ ጊዜ «በመጠናት ላይ ነው» ተብለዋል። ጠባያቸው አስቸጋሪ ነው፣ ሹም አያከብሩም፣ ነገር ያበዛሉ ተብለው በጋዜጣ ተነቅፈዋል። ነገር ማብዛታቸው እውነት ነው። በ1957 ዓ.ም. ምርጫ ፊታውራሪ ሃይለ ሚካኤል አሸነፏቸው። ድልድዩ አሁንም በመጠናት ላይ ነው።

ከዚያ ወዲህ በእርሻቸው ላይ ኖሩ። ባለፈው መስከረም በጨጓራ ሕመም ወደቁ። ጠበል ተጠመቁ፣ ሐኪምም አዩ፤ ከሁለቱም ጋር ተከራከሩ። መጋቢት 12 ቀን 1965 ዓ.ም. በሰባ ሦስት ዓመታቸው፣ ቆርበው፣ ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።

ትናንት ጠዋት፣ ዛሬ የአርበኞች ማኅበር ሊቀ መንበር የሆኑት ፊታውራሪ ሃይለ ሚካኤል ለቅሶ መጥተው፣ በቅን ልብ አንድ ነገር አቀረቡ። «እመት ባንቺአየሁ፣ በታሪካቸው ላይ ‹ተገድደው› የምትል አንዲት ቃል ይግባ። አሥራ ሁለት ጠመንጃ ይተኮሳል፤ ባንዲራ ይለብሳሉ፤ ስማቸውም ይነጻል።»

ወይዘሮ ባንቺአየሁ፣ «ፊታውራሪ፣ እግዜር ይስጥዎ» አሉ። «ያቺን ቃል ሕያው ሳሉ ሦስት ጊዜ አምጥተውላቸው አልወሰዱም። ዛሬ መመለስ በማይችሉበት ቀን ላስገባባቸው? ሰውየው ወደው ነው የተቀመጡት። እርስዎ ያን ማታ ቤትዎ የገቡት እርሳቸው ስለወደዱ ነው።»

ፊታውራሪም ነጠላቸውን አጣፍተው ወጡ።

ስለዚህ ዛሬ ተኩስ የለም። ባንዲራም የለም። ከሦስቱ ወፎች በሕይወት ያለ እንዳለ ቤተሰቡ አያውቅም፤ አቶ ክንዱ ለሚስታቸውም አልነገሩም። ካለ ግን ከዚህ ቆሞ ይሰማ ይሆናል። አይጠየቅም። ቀብሩን ፈጽሞ ከእኛ ጋር እዝን ይብላ።

አቶ ክንዱ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ባንቺአየሁ ዓለሙን፣ ልጆቻቸውን ወይዘሮ እናኑን፣ ወይዘሮ ንግሥቴንና አቶ ቢሆነኝን፣ አሥራ አራት የልጅ ልጆችን፣ እንዲሁም ወዳጃቸውን ሐጂ ሙሄዲንን ትተው ሄደዋል። ለቅሶ ለደረሳችሁ ሁሉ፣ በተለይም ከሽንዲ ፈጠምን በእግራችሁ ተሻግራችሁ ለመጣችሁ እናቶች፣ ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል።

ማንም ሳያስገድደው የሚምር አምላክ ነፍሳቸውን በደጋግ አባቶች ዕቅፍ ያሳርፍልን። አሜን።