በእኔ ፈንታ የምትመጣልሽ እህት

ለውድ እህቴ ለአበባ ኃይሌ፣
ናይሮቢ።

እህትዓለም፣ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ የጉሮሮሽ ነገር ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ብርድ ሲነካሽ ይነሣብሻል? ጋሼ ወልደአማኑኤል ደህና ናቸው? የኤምባሲውን መኪና አሁንም የሚነዱት እሳቸው ናቸው? ትንሿ ልጅሽስ እግሯ ጸናላት? “አክስት” ማለት እንዳስተማርሻት ጽፈሽልናል፤ “አያት” ማለትንስ አስተምረሻታል? ይህን የመጨረሻውን እማዬ ደጋግሜ እንድጽፈው አዝዛኝ ነበር፣ አንድ ጊዜ ይበቃል ብያት ተኮራርፈናል። እኛ ፈጣሪ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። አባባ ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ከገበያውም ከሽምግልናውም አልቀሩም። እማዬም ደህና ናት፣ የአንቺን ናፍቆት በሽታ ካላልነው በቀር።

በኅዳር “እየመጣሁልሽ ነው” ብዬ የጻፍኩልሽ እንደደረሰሽ ከመልስሽ አውቀናል። አልጋ ማንጠፍሽን፣ ከጣቢያው ማን እንደሚቀበለኝ ማሰብሽን እማዬ በቃሏ ይዛዋለች። ስለዚህ ዛሬ በሩን ስትከፍቺ የጠበቅሽው እኔን ነው። ያገኘሽው ግን አደይን ነው፤ ይህን ደብዳቤ ያመጣችልሽን ልጅ። በር ላይ አቁመሻት ከሆነ አስገቢያት፣ አስቀምጫት፣ የሚቀመስ ነገር ስጫት፣ ከዚያ ቁጭ ብለሽ አንብቢ። ቀድሜ ልጽፍልሽ ነበር፤ እማዬ ናት የከለከለችኝ። ወሬው ብቻውን ከደረሰ ታዝናለች፣ ከልጅቷ ጋር አብሮ ይድረስ አለች። ነገሩን ከሥሩ ላጫውትሽ፣ እስክጨርስ ግን አትቀየሚኝ።

ማኅበራችን እኛ ከተማ የገባው አንቺ ከሄድሽ በኋላ ነው። የልጃገረዶች ክርስቲያናዊ ኅብረት ይባላል። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ እንሰበሰባለን፤ መዝሙር አለ፣ ስፌት አለ፣ ቁስል ማሰር እንማራለን። አሠራሩን እኔ ራሴ ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶብኛል። እንደኛው ያለ ቡድን ወልቂጤም አለ፣ ሌሎች ከተሞችም አሉ፤ የሁሉም ተጠሪነት አዲስ አበባ ላለው የአገር ጽሕፈት ቤት ነው። የየአገሩ ጽሕፈት ቤቶች ደግሞ በየክፍለ ዓለማቸው በጉባኤ ይገናኛሉ። የእኛ የአፍሪካው ነው፣ ዘንድሮ የሚቀመጠውም አንቺ ባለሽበት ከተማ ነው። ከሁሉም በላይ የዓለም ምክር ቤት አለ፤ ከየክፍለ ዓለሙ የተመረጡ ሴቶች እዚያ ተቀምጠው ደንብ ያወጣሉ። ታዲያ ደንቡ ከመጽናቱ በፊት ረቂቁ ወደ ታች እስከ ቡታጅራ ድረስ ይወርድና ምን ትላላችሁ ተብለን እንጠየቃለን። መልሳችን በዚያው በመጣበት መንገድ ሽቅብ ይሄዳል።

ይህን ለእማዬ ሳስረዳ መከራዬን አየሁ። ቤት፣ መንደር፣ ጎሣ እያልኩ በእኛው ወግ ለወጥኩላት፤ እስከ አፍሪካው ድረስ ደህና አድርጋ ተከተለችኝ። የዓለሙ ላይ ስደርስ፣ እሺ፣ ከሁሉም በላይ የተቀመጠችው ሴትዮ የማን ልጅ ናት አለችኝ። የማንም ብትሆን ግድ የለም፣ በምርጫ ነው፣ ዘመኗ ሲያልቅ ትወርዳለች አልኳት። ወርዳ ወዴት ትሄዳለች አለች። ወደ አገሯ ቡድን ተመልሳ እንደማንኛችንም አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች አልኳት። ይሄስ ደግ ሥርዓት ነው ብላ ከዚያን ቀን ጀምሮ ማኅበሩን የራሷ አደረገችው። አሁን ጎረቤት ሲመጣ የምታስረዳው እሷ ናት፤ እኔ አፌን ይዤ እሰማለሁ።

ከድጄን አልረሳሻትም መቼም። የባለሱቁ የጋሽ ሰይዶ ልጅ፣ አንቺ ጸጉሯን ስትሠሪያት ጭንሽ ላይ እንቅልፍ የሚወስዳት። ዛሬ በቁመት በልጣኛለች። ማኅበሩ ሲጀመር ከእኛ ጋር አብራ ገባች። ያን ጊዜ አዳራሹ ባዶ ስለነበር አግዳሚዎቹን ከየክፍሉ ተሸክመን ስናስገባ አንዱን ጫፍ የያዘችው እሷ ነበረች። እኛ ስንዘምር ዝም ብላ ስፌቷን ትሰፋለች፤ ስንሳሳት ደግሞ በዓይኗ ትስቅብናለች። ሃይማኖትሽን ለውጪ ያላት የለም፣ እሷም እንደዚያ ያለ ሐሳብ የላትም። አባቷም ቤተሰባችንን ስለሚያውቁ አንድ ቀን ክፉ አልተናገሩም። በመስከረም ግን ከላይ አንድ ረቂቅ ወረደ። ከእንግዲህ በማኅበሩ የሚቀመጡት የተጠመቁ ልጃገረዶች ብቻ ይሁኑ ወይስ ሌሎችም ይጨመሩ የሚል ነው። እኛም ታዲያ ከድጄን ምን እናድርጋት ብለን ወደ አዲስ አበባ ጻፍን። ጥያቄው ከእናንተ ስለመጣ አንዲት ልጅ ምረጡና ጉባኤው ፊት ቆማ ራሷ ትናገር የሚል መልስ መጣልን።

እንግዲህ ሞኝነታችንን ስሚ። የምንመርጣትን ልጅ ስም በብጣሽ ወረቀት ጽፈን ጣሳ ውስጥ እንድንጨምር ተደረገ። ማን አንደበቷ ይፈታል፣ ማን እንግሊዝኛ ታውቃለች ብላ ያሰበች አልነበረችም። የእኛ አገር ሰው የሚሄደው ዘመድ ወዳለበት ነው፤ አዲስ አበባ የሚወርድ እንኳ መጀመሪያ የሚጠየቀው ማን ጋ ታርፋለህ ተብሎ ነው። ናይሮቢ ዘመድ ያላት ደግሞ እኔ ብቻ ነኝ። ወረቀቱ ሲዘረጋ ከሞላ ጎደል በሁሉም ላይ የተጻፈው የእኔ ስም ሆነ። እኔም ለምን እንደተመረጥኩ አልጠየቅሁም። አንቺን ላይሽ ነው፣ ሌላው ምን ቸገረኝ? እየሮጥኩ ቤት ገባሁ፣ እማዬ እልል አለች፣ ለአንቺም ወዲያው ጻፍን።

በታኅሣሥ ከአገር ጽሕፈት ቤቱ አንዲት ሴትዮ በአውቶቡስ መጡ። የመንገዱን አቧራ እንኳ ሳያራግፉ አዳራሽ ገብተው፣ እስቲ ጉባኤው ላይ እንደምትናገሪው ተናገሪ አሉኝ። ተነሣሁ። ስለ ቡታጅራ ተናገርኩ፣ ስለ ማኅበራችን ተናገርኩ፣ ከዚያ እህቴ እዚያ ናት አልኩ። ደግ ሰው ናቸው፣ አልሳቁብኝም። ከድጄ ትውጣ ቢሉሽስ ምን ትመልሻለሽ አሉኝ። ዓይኔ ከድጄ ላይ ወደቀ። አንገቷን ደፍታ ጨርቅ ታጣጥፋለች። እመኚኝ አበባዬ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ። እስከዚያን ቀን በልቤ ሳመላልስ የነበረው የአንቺን በርና የአንቺን ልጅ ነው፤ ስለ እሷ ጉዳይ ከራሷ ጋር አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብዬ አላወራሁም።

ከኋላ ወንበር አደይ ተነሣች። አደይ የአቶ ሀብተጊዮርጊስ ልጅ ናት፣ ከመስቃን ገጠር እየተመላለሰች ከእኔ ጋር የምትማር። እንደምታያት ቀጭን ናት፣ ነገር ግን ሰው አትፈራም።

“ይህን አግዳሚ ከእኛ ጋር ተሸክማ ያስገባችው ከድጄ ናት” አለች። “ተነሺ የሚላት ካለ ቡታጅራ ድረስ ይምጣና ፊቷን እያየ ይንገራት። እኛ አንችልም።”

ይኸው ነው ያለችው። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና ሌላ ነገር ሳይጠይቁ ተነሡ። ወደ ቤት ስንመለስ ከድጄ ከጎኔ ነበረች። ትቀየመኛለች ብዬ ስጠብቅ ክንዴን ይዛ፣ አብሽሪ፣ አንቺው ሂጂ፣ የእኔም እህት እዚያ ብትሆን ወላሂ እኔም እሄድ ነበር አለችኝ። ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር።

ቤት ስደርስ እማዬ በርበሬ ፀሐይ ላይ አስጥታ ትቀነጥሳለች፤ ለአንቺ የሚላክ ነው። አጠገቧ ቁጭ ብዬ የሆነውን ነገርኳትና አደይ ትሂድ ልላቸው ነው አልኳት። እንድትቆጣኝ ፈልጌ ነበር። አልተቆጣችም። መቀንጠሷን ቀጠለች፣ ዓይኗ ግን ያነባ ነበር። በርበሬው ነው አለችኝ፤ እኔም በርበሬው ነው አልኩና አብሬያት መቀንጠስ ጀመርኩ። አባባ ከበር ሰምተው ኖሮ፣ በእኛ ሽምግልና የራሱ ጉዳይ ያለበት ሰው ከተቀመጠበት ይነሣል፣ ልጄ ልክ ናት አሉ። እማዬ፣ እርስዎ ሽምግልናዎን እዚያው ዛፍ ሥር ይተዉልኝ አለቻቸው።

ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ልጆቹ ሁሉ እንደገና ተመካክረው አደይ ትሂድ አሉ፤ የአደይ እናት ግን እምቢ አሉ። ልጄ ዘመድ በሌላት አገር አታድርም አሉ። መምህርታችን ሄዳ ማኅበሩ ማደሪያ ያዘጋጃል ብላ ለመነቻቸው። እሳቸውም፣ ደክሟት ስትመለስ ማኅበሩ እግሯን ያሽላታል ወይ ብለው መለሷት። እውነታቸውን ነው፣ ምን ይባላል? ማልቀስ የማታውቀው አደይ ክፍል ውስጥ ፊቷን በደብተር ሸፍና አለቀሰች።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ እማዬ ወደ ቤት መዞሩን ትታ የመስቃንን መንገድ ያዘች። ወዴት ነው ብላት ነጠላዋን እያስተካከለች ፊት ፊት ትሄዳለች። የአደይ እናት በር ስንደርስ ግቡ ብለው ለመኑን። እማዬ በሩ ላይ እንደቆመች ነው የተናገረችው።

“ዘመድ የላትም አትበዪ” አለቻቸው። “ልጄ አበባ እዚያ ናት። ከዛሬ ጀምሮ የአደይም እህት ናት። የምትተኛውም ለዚህች ለተናኘ በተነጠፈው አልጋ ላይ ነው።”

የአደይ እናት እጇን ይዘው አስገቧት። ጾም ስለነበር ቆጮና ጎመን ቀረበ። ሁለቱ ሴቶች አንዴ ሲላቀሱ አንዴ ሲሳሳቁ ዋሉ፤ አደይና አበባማ ድሮም በስማቸው ዘመድ ናቸው ተባባሉ። ስንመለስ መንገድ ላይ፣ እማዬ፣ አበባን ሳታማክሪያት ሰጠሻት እኮ አልኳት። የሰጠሁትን የማትቀበል ልጅ አልወለድኩም አለችኝ።

እህቴ፣ ደስ ብሎኛል ብልሽ እዋሻለሁ። አደይ ከአንቺ ጋር ቁጭ ብላ ሻይ ስትጠጣ ባሰብኩ ቁጥር ሆዴ ይባባል። ልጅሽ አክስት የምትላት እሷን ነው፣ በዚህስ በግልጽ ቀንቻለሁ፣ ንገሪያት። ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ከድጄ መጥታ አጠገቤ ስትቀመጥ ፊቷን ደፍሬ አያለሁ። ጉባኤው ምን እንደሚል አናውቅም። እሺም አሉ እምቢ፣ ስለ እሷ የሚነገረው ሁሉ እዚያ ተነግሮ ይለቅ ብለናል።

የአደይን ነገር አደራ። የጉባኤው ዕለት ጠዋት ሳትበላ እንዳትለቂያት፤ ነገር ሲይዛት መብላት ትረሳለች። ጫማዋ አዲስ ነው፣ ሳይልጣት አይቀርም። ማታ ስትመለስ ምን አሉ ብለሽ ቀድመሽ አትጠይቂያት፤ መጀመሪያ እግሯን በሙቅ ውኃ አጥበሽ አሺላት፣ ለእናቷ ቃል ገብተናል። ከያዘችው ዕቃ በርበሬውና ቡላው ከእማዬ ነው። ትንሿን ቀሚስ የሰፋችው ከድጄ ናት፤ ልኩን ያወጣነው በግምት ስለሆነ ቢሰፋት ታድግበታለች።

አባባ ለአንቺና ለባለቤትሽ ምርቃታቸውን ልከዋል፣ ጋሼ ወልደአማኑኤልን መኪናውን ቀስ እያሉ እንዲነዱ በያቸው ብለዋል። ከድጄና ጋሽ ሰይዶ ሰላም ብለውሻል። የአደይ እናት፣ ሳያውቁሽ፣ ልጄ እያሉ ሰላም ይሉሻል። ጋሼ ወልደአማኑኤልን በእኔ ስም እጅ ንሺልኝ። ትንሿን ከእንቅልፏ ሳትቀሰቅሺ ሳሚልኝ።

አደይ ነገ ትነሣለች፤ ዛሬ ልትሰናበተን መጥታ ነበር። እማዬ ቀኝ ጉንጯን ሳመችና፣ ይህ የአበባ ነው፣ መንገድ ላይ ለማንም እንዳታስነኪ አለቻት። አደይ፣ ታዲያ ፊቴን አልታጠብም ማለት ነው ብላ ሳቀች። እማዬ አልሳቀችም። እኔም ግራውን ሳምኩ። ስትመለስ የአንቺንና የልጅሽን ይዛ እንድትመጣ ታዝዛለች፣ እማዬም ከአሁኑ እየጠበቀች ነው።

በይ እንግዲህ፣ ወረቀቱን አስቀምጪና ቀና በዪ። እህትሽ ፊትሽ ተቀምጣለች። ቀኝ ጉንጯ ላይ ያለው የእማዬ ነው፤ ከእሱ ጀምሪ።

የምትናፍቅሽ እህትሽ
ተናኘወርቅ ኃይሌ

ቡታጅራ፣ ጥር ፳፱ ቀን ፲፱፻፷፬ ዓ.ም.