ለአባታችን ውጅግራ የተመረጠው ፎርማ

አዋሳ፣ ሰኔ 1974 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ለወንድሜ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናህን እጠይቃለሁ። ያ ክረምት በመጣ ቁጥር የሚይዝህ ሳልስ እንዴት አደረገህ? በሬዎቹ በርትተዋል? ዘንድሮ ዝናቡ ቀደም ብሎ ገባ ሲሉ ሰምቼ ለእርሻህ ደስ ብሎኛል። እኔ በእግዚአብሔር ቸርነት ደህና ነኝ፤ የአንተ ናፍቆት ብቻ ነው ያስቸገረኝ።

መልሴ ቢዘገይ ተቆጥተህ የላክኸው ሁለተኛው ቃል ደርሶኛል። ከተማ ገብታ አባቷን ረሳች አልክ አሉ። ይህን ያለውን አፍህን ባገኘው ቆንጥጬ አስለቅስህ ነበር። አልረሳሁም። ደግሞም ፊደል የቆጠርክበትን መሠረተ ትምህርት አመስግን፤ ሌላ ሰው የሚያነብልህ ቢሆን ኖሮ ይህን ደብዳቤ አልጽፈውም ነበር። ይዛልህ የመጣችው ሮማን ጎረቤቴ ናት፣ ለዘመድ ጥየቃ ወደዚያው ስትሄድ ነው የሰጠኋት። ምን እንዳለበት አታውቅም። ብቻህን ሆነህ አንብበው፣ ስትጨርስ እሳት ውስጥ ክተተው።

አልዋሽህም፣ የመጀመሪያው መልእክትህ ሲደርሰኝ ልቤ ደስ ብሎት ነበር። ወልደጻድቅ አንድ ጥማድ ለማትሞላ መሬት አባታችንን ገድሎ፣ ጥቂት ዓመት ታስሮ ወጥቶ፣ በደጅህ ሲያልፍ እያየህ መኖር ምን እንደሚመስል ይገባኛል። ባሩዱም ቀልሃውም አለኝ፣ የጎደለኝ አረር ብቻ ነው፤ ለአባታችን ውጅግራ ልክ የሚሆን የእርሳስ ማፍሰሻ ፎርማ አስመርጠሽ ላኪልኝ ስትለኝ፣ ሳላመነታ ነው እሺ ያልኩት።

በአፈሙዙ ላይ ተጭነህ ልኩን አውጥተህ የላክኸውን ሰም በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ አኖርኩት። የአዋሳን ሙቀት አታውቀውም፣ ሰም አያስቀምጥም። የማውቀው ባለሙያ ደግሞ አንድ ነው። ሽበሺ ይባላል፤ መናኸሪያው አጠገብ ጋራዥ ውስጥ ቶርኖ ይሠራል፣ የምሠራበት ወፍጮ ቤት ዘንጉ ሲሰበር የሚጠግንልን እሱ ነው። ከሰላምታ ያለፈ ነገር ተነጋግረን አናውቅም ነበር። ድሮ አለቃው የነበረ ጣሊያን ለአዳኞች የጥይት ፎርማ ይሠራላቸው እንደነበር ሰምቼ፣ ሰሙን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ወደ እሱ ሄድኩ።

መናኸሪያው ጋ አብዮት ጠባቂዎች ፍተሻ ይዘው አገኘኋቸው። የሴቶቹን ቦርሳ የምትፈትሸው ተዋበች የምትባል የቀበሌያችን ልጅ ናት። ሰሙን አወጣችና ምንድን ነው አለችኝ። ለጧፍ ነው አልኳት። ዛሬም ጧፍ ታበራላችሁ እንዴ ብላ ሳቀችብኝና በሁለት ጣቷ ይዛ ታገላብጠው ጀመር። ጫን ብትለው ልኩ ይጠፋል፤ ልብ ብላ ብታየው ደግሞ የጠመንጃ አፍ መሆኑን ታውቃለች። በመጨረሻ መልሳ ቦርሳው ውስጥ ወረወረችውና እለፊ አለችኝ። ምነው በጨፈለቀችው ያልኩበት ጊዜ አለ፤ አሁን ግን እንኳን አልጨፈለቀችው እላለሁ።

የጋራዡ ሰዎች ምሳ ወጥተው ሽበሺ ብቻውን ነበር። ሰሙን ተቀብሎ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለ። ለካው፣ እንደገና ለካው። የአፈሙዙን ከንፈር ታውቀዋለህ፣ አባታችን ገደል ሲወርድ ወድቆ ድንጋይ ላይ የሸረፈውን። ሰሙ ያቺን ሽርፍ ቁልጭ አድርጎ ይዟት መጥቷል፤ አንተም እኔም አላሰብንባትም። ሽበሺ አውራ ጣቱን እዚያች ላይ አሳረፈና የማን ልጅ እንደሆንኩ፣ አረሩም ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። እሱም በልጅነቱ እኛ አገር እናቱ ዘንድ እንደኖረ፣ አንድ ሠርግ ላይ አባታችን ጠመንጃውን አስይዞት ጣቱን ሽርፉ ላይ እያደረገ እንደተጫወተ ነገረኝ። እጁን በጨርቅ ጠረገና፣ ወልደጻድቅ በእናቴ ወንድሜ ነው አለኝ።

ጠባቂዎቹ ያሉት ከበሩ ብዙ ሳይርቁ ነው። አንዴ ቢጣራ እኔም አንተም አለቀልን። ሽበሺ ወደ በሩ ሲሄድ ሊጠራቸው ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። በሩን ዘጋው።

ከዚያ ከአሮጌ የመኪና ባትሪ የወጣ እርሳስ አቀለጠ። ከቆርቆሮ ሣጥን ሦስት ፎርማዎች አወጣ፣ በሦስቱም አፈሰሰ፣ አረሮቹን እያነሳ ከሰሙ ጋር አስተያያቸው። አንደኛው ወፍራም ነው፤ በግድ ቢገባ በርሜሉ ፈንድቶ የወንድምሽን ፊት ይበላዋል አለኝ። ሁለተኛው ቀጭን ነው፤ በርሜሉ ውስጥ እየተንገዋለለ ወጥቶ መንገድ ላይ ይቀራል፣ ወልደጻድቅ ደግሞ ተኩሶ አይስትም፣ ወንድምሽ ሁለተኛ ለማጉረስ ጊዜ አያገኝም አለኝ። ሦስተኛውን ከነፎርማው እጄ ላይ አኖረልኝ። ልኩ ይሄ ነው አለኝ። ገና ትኩስ ነበር።

እስቲ አስበው። እኔ የአረር ልክ ምን አውቅና? ወፍራሙን ቢሰጠኝ መርቄው፣ አመስግኜው፣ በደስታ እልክልህ ነበር። አንተ ትሞታለህ፣ የእሱ ወንድም ይተርፋል፣ ማንም ምንም አያውቅም። ለምን እንዲያ አላደረግህም ብዬ ጠየቅኩት። የአንቺ ወንድም እኔን ምን አደረገኝ አለ። አትላኪለት እንኳ አላለኝም። ለምኖኝ ቢሆን፣ እልኸኛነቴን ታውቃለህ፣ በማግስቱ የምልክልህ ይመስለኛል።

ፎርማውን ዱቄት ከረጢት ሥር ደበቅኩት። መላክ አቃተኝ፣ መጣልም አቃተኝ። ዝም ያልኩህ ለዚህ ነው። ሽበሺ ዘንግ ሊጠግን ሲመጣ ላክሽው ወይ ብሎ አንድ ቀን አልጠየቀኝም፤ ሥራዬን ትቼ አጠገቡ የምቆመው እኔው ነበርኩ። በመጨረሻ ሂድና ወንድምህን አነጋግረው ብዬ ለመንኩት። በዐቢይ ጾም ከቀበሌ መሸኛ አውጥቶ ሄደ።

ይዞ የመጣውን ቃል ልንገርህ። ወልደጻድቅ የሐምሌ ሥላሴ ባለፈ በሳምንቱ ሽማግሌ አስከትሎ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ደጅህ ይወድቃል። ሽማግሌ የቆረጠውንም ጉማ፣ የአባታችንን ደም ካሳ፣ ይከፍላል። አንገቱን ደፍቶ ነው የሚመጣው፣ ጀርባው ላይ ከድንጋዩ በቀር ምንም አይኖርም። ያን ጊዜ አንተ አረር አያስፈልግህም፤ መጥረቢያም ይበቃሃል። ስለዚህ ፎርማውን ስለያዝኩት ብቻ ተኝቼ የማድር እንዳይመስልህ። ያንን ቀን እፈራዋለሁ። አንተን እፈራሃለሁ፣ ወንድሜ። አባታችንን እርሳው አልልህም፤ እኔም እስክሞት አልረሳውም። ግን ስለ እኔ ብለህ ድንጋዩን ከትከሻው አውርድለት።

ፎርማውን አልሰበርኩትም። ሰው በገዛ ወንድሙ ላይ መርጦ የሰጠኝን ነገር እንዴት ብዬ ልስበረው? እዚህ አለ። ሽማግሌዎቹ ከሄዱም በኋላ ልብህ እንቢ ካለህ፣ መጥተህ ከእጄ ውሰደው። አልከለክልህም።

አዝመራህን ከበረዶ፣ ከብትህን ከበሽታ፣ እጅህን ከደም ይጠብቅልኝ። የአባታችን አምላክ ልብህን ያራራው፤ ዓይንህን በደህና ለማየት ያብቃኝ።

ስትመጣ ወደ ድሮው ቤቴ እንዳትሄድ፣ ከፋሲካ በኋላ ለቅቄዋለሁ። መናኸሪያ ስትወርድ የባለ ቶርኖውን የሽበሺን ቤት ብለህ ጠይቅ፣ ማንም ያሳይሃል። በሩን የምከፍትልህ እኔ ነኝ።

አዝላ ያሳደገችህ እህትህ