ሦስት አገር የተስማማበት ድንጋይ

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ ለአካሉ መርስዔ ኀዘን፣ ካለህበት ስዊድን አገር።

እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ፣ ትምህርትህስ፣ ያ አጥንት የሚሰብር ብርድስ እንዴት አድርጎህ ይሆን? እኛ በኪዳነ ምሕረት ጠባቂነት ከናፍቆትህ በቀር ምንም አላጣን።

በሐምሌ የጻፍኸው ደብዳቤ ከነፎቶግራፉ ቢደርሰኝ ከፋብሪካ ፈቃድ ወስጄ በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርሁ። ስዊድን፣ ኖርዌይና ፊንላንድ የሚገናኙበት የድንበር ድንጋይ ሐይቅ ውስጥ መቆሙን ሳነብላቸው አባባ ተገረሙ። ወታደር የለም? ኬላስ? እያሉ ሦስት ጊዜ አስደገሙኝ። በእንጨት ድልድዩ ዞረህ ሦስቱንም አገር መርገጥህን ሲሰሙ እጃቸውን በአፋቸው ጫኑ። በዚያ ሰሞን ፀሐይ አትጠልቅም ያልኸውን ግን አልወደዱትም፤ ታዲያ የሠርክ ጸሎት መቼ ሊደርስ ነው አሉ። በልጅነትህ ታንኳ ላይ ለመውጣት ፈርተህ ታለቅስ የነበርኸው ልጅ እስከዚያ ሰሜን ጫፍ ድረስ! እውነቴን ነው፣ ኮራሁብህ።

ከዚያ አባባ የድንጋዩን ፎቶግራፍ ከእጄ ተቀበሉ። እንደምታውቀው እሳቸውና ታናሽ ወንድማቸው አጎታችን ዳኘው፣ በቡና መሬታቸው መካከል ያለው ድንጋይ ተገፍቷል አልተገፋም ተባብለው ከተኳረፉ አራት ዓመታቸው ነው። የገበሬ ማኅበሩ ሸንጎም የነፍስ አባታቸውም አልቻሏቸውም። ቤተ ክርስቲያን እንኳ በተለያየ በር ነበር የሚገቡት። እናታችንም ሳይታረቁ አንዳቸው እንዳይሞቱ ስትሰጋ ኖራለች።

በማግሥቱ አባባ ፎቶግራፉን በጋቢያቸው ጫፍ ቋጥረው፣ ታላቅነታቸውን ትተው ወደ አጎታችን ቤት ሄዱ፤ እኔም ከኋላ ከኋላ። «ሦስት መንግሥት በአንድ ድንጋይ ሲስማማ እኛ የአንድ እናት ልጆች ምን ነክቶን ነው?» አሏቸው። አጎታችን ፎቶግራፉን አገላብጠው አዩና ዶማቸውን አነሡ። ድንጋዩን ነቅለው መልሰው ሊተክሉ ሲሉ ደግሞ አዲስ ክርክር ገጠሙ፤ አባባ ወደ እኔ መሬት ይግባ፣ ያንተ ይስፋ ይላሉ፣ አጎታችን የለም ወደ እኔ ይላሉ። እንባዬን መያዝ አቃተኝ።

ፎቶግራፉ አጎታችን ቤት ቀርቷል፤ አባባም ይፈልጉታል። ሌላ ቶሎ ላክ፣ አለዚያ እንደገና መካሰሳቸው ነው።

እናታችን ወለተ ኪዳን ጉንጭህን ትስማለች። ታናሻችን አደይ የበረዶ ፎቶግራፍ አምጣ ብላሃለች። አራት ዓመት ሙሉ የሁለቱን ሰላምታ ለየብቻ ስጽፍልህ ኖሬአለሁ፤ አሁን ግን ከዘጌ ስነሣ አባባና አጎታችን ዳኘው ከአንድ መደብ ላይ ተቀምጠው በአንድነት ሰላም በይልን ብለውኛል።

እኅትህ የብርጓል
ባሕር ዳር፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.